እትዬ ዲግሪና ባለመብራቱ ሰደርያ

እኔ የሚያመነታ ሰው አልወድም። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከፊቴ ያለው ሰው «ይሄኛውን... አይ ቆይ፣ ያኛውን» ማለት ከጀመረ ደሜ ይፈላል። አንዲት ሰደርያ ለመምረጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያቆመችኝን ሴት ታሪክ እኔው መናገሬ ስለዚህ ለራሴም ይገርመኛል። ምን ይደረግ፣ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

የምንሠራው የፖም መጋዘን ውስጥ ነው። ሰባት ቀዝቃዛ ክፍሎች አሉን፤ የተለቀመው ፖም በሳጥን ሆኖ እዚያ ይገባና ገበያ እስኪፈልገው ድረስ ወራት ይተኛል። ፖም ደግሞ አመለኛ ነው። ከዜሮ በታች ከወረደ ውስጡ ይሞታል፣ ከሦስት ዲግሪ ካለፈ ይበስልና ይላሽቃል። እኔ መግቢያው አጠገብ ባለች የመስታወት ቢሮ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ቁልፉም መዝገቡም በእኔ እጅ ነው። ውጭ ፀሐይ አናት ሲበሳ እኔ በካፖርት ነኝ፤ ሰው ሲያየኝ ያበድኩ ይመስለዋል።

እትዬ ዲግሪ የምንላት ሴት ሥራዋ መዞር ነው። በየክፍሉ በር ላይ የሙቀት መለኪያ አለ፤ መለኪያው ግን የሚያውቀው በሩን ብቻ ነው። ሳጥን እስከ ጣሪያ ሲደረደር ነፋሱ መሄጃ ያጣና ከኋላ ያለው ጥግ ለብቻው ይሞቃል። እሷ በሳጥኖቹ መሀል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ባዶ እጇን ዘርግታ ትሄዳለች፤ እኔ መዝገቡን ይዤ እከተላለሁ። «አንድ ተኩል» ትላለች፣ እጽፋለሁ። «ሁለት» ትላለች፣ እጽፋለሁ። «እዚህ ጋ ሦስት ሊገባ ነው፣ መካኒኩ ይጠራ» ካለች ይጠራል። ከዓመታት በፊት መለኪያው አንድ እያለ እሷ «አራት ነው» ብላ ድርቅ አለች። መካኒኩ ሳቀባት። ሳጥኑ ሲነሳ ከኋላ ያለው ማራገቢያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የሚስቅ የለም። የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ዲግሪ የሚለውን ስም ያወጣላትም ያው የሳቀው መካኒክ ነው።

በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች፣ አምሳ ስምንት ሞልቷታል። መጀመሪያ አንቱ እላት ነበር። «አንቱ ስትዪኝ ጥርሴ የረገፈ ይመስለኛል፣ ተይኝ» ስላለች አንቺ እላታለሁ።

ድሮ ዝምተኛ ነበረች። ከቁጥር በቀር ቃል አይወጣትም። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ በድንገት ምላሷ ተፈታ። ክፍል አንድ ገና ስንገባ «ስሚማ» ትለኛለች። «ምራቴ እንቁላል ስትቀቅል ሰዓት ትይዛለች፣ ልጄን ደጅ ስታስጠብቀው ግን ሰዓቷ ይጠፋባታል።» እስቃለሁ። ክፍል ሦስት ስንደርስ ሌላ። በጣም የምትወዳት የቀጣፊው ቀልድ ነበረቻት። «አንድ ቀጣፊ ነበር አሉ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ‹በቃ ውሸት ተው› አሉት። ‹እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ› አለ። ‹እንዴት እንመንህ?› ሲሉት ‹ኧረ እኔ ከተውኩ እኮ ሦስት ዓመቴ ነው!› አላቸው።» ይህችን ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ሠላሳውንም ስቄያለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ለባሌ እነግረዋለሁ። እሱ አይስቅም፣ እሱ እንጨት ነው።

ያኔ ልጇን የዳረችበት ጊዜ ስለነበር ሁሉም ደስታ ነው አለ። ከሁሉ በላይ ይህን ያለችው ራሷ ምራቷ ናት። ምራቷ እዚሁ የለቀማ ክፍል ኃላፊ ነች፤ ጠዋት ጠዋት ፖም ልታስወጣ ቀዝቃዛው ክፍል ትገባለች፣ አማቷ ትቀልድላታለች፣ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «እኔ ከገባሁ ወዲህ እኮ ነው እማዬ ሳቅ ያወቁት» ትላለች ላገኘችው ሰው ሁሉ። «እሑድ ቤት ሲመጡ ዝም ይላሉ፤ ሳምንቱ አድክሟቸው ነው እንጂ።» እናቷን በልጅነቷ ያጣች ልጅ ናት፣ «እማዬ» ስትል አፏ ይጣፍጣል።

ከዚያ የሳንባ ምች መጣ። እትዬ ዲግሪ ሁለት ሳምንት ተኝታ ስትነሳ ሐኪሙ ወረቀት ጻፈላት፤ ወይ ገላዋ ይሙቅ፣ ወይ ከቅዝቃዜው ትውጣ። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «ወይ የሚያሞቅ ልብስ ይገዛልሽ፣ ወይ ለቀማ ትገቢያለሽ» አላት። ለቀማ ማለት ቁጭ ብሎ የበሰበሰውን ከደህናው መለየት ነው፤ ያውም በምራት ዓይን ሥር። ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሯ የዞረች፣ መካኒክን በአንድ ቃል የምታስሮጥ ሴት! ቢሮዬ መጥታ ወንበሬ ላይ ዘፍ አለች።

«ከለቀማ በፊት ቀብሬን ያድርገው» አለች። ቀልድ አልነበረም።

በባትሪ የሚሞቅ ሰደርያ እንዳለ ወሬውን ያመጣችው ምራቷ ናት። አንድ ሞተረኛ ለብሶት አይታ ጠይቃዋለች። በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን።

ሱቁ የሞተረኛ ልብስ፣ የዝናብ ጫማና የእጅ ባትሪ የሚሸጥበት ነው። ሻጩ ወጣት ነው፤ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቷል፣ አንደበቱ ማር ነው። ባንኮው ላይ ሦስት ሰደርያ ዘረጋ።

የመጀመሪያው የወንድ ነው። «ሙቀትም የወንድና የሴት አለው እንዴ?» አለች እትዬ ዲግሪ። «ሙቀቱስ የለውም እናቴ፣ ቅዱ እንጂ» አለ። ስትለብሰው ትከሻዋ ሰጠመ። በብብቷ በኩል እጄን ባስገባው ወገቧ ድረስ ደረሰ። «ሙቀቱ በዚህ በኩል ሹልክ ይልልሻል፣ መጋዘኑን ልታሞቂ ነው እንዴ?» አልኳትና አስወለቅኳት።

ሁለተኛው ጥቁር፣ ስስ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ የሴት ልብስ ነው። የሚሞቀው ከኋላ ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱ ኩላሊት ላይ፣ አንዱ በትከሻና በትከሻ መሀል። ባትሪው ከሳሙና አይበልጥም። ማብሪያው ኪስ ውስጥ ተደብቋል። እኔ በልቤ ጨረስኩ፤ ይሄው ነው፣ እንሂድ።

ሦስተኛው ወይን ጠጅ ነው። አምስት ቦታ ይሞቃል፣ ኮሌታውም ሳይቀር። ባትሪው ከበድ ይላል። ማብሪያው ደረት ላይ ነው፤ የሳንቲም ያህላል፣ ዙሪያው መብራት ነው። ቀይ ሲሆን ከባድ ሙቀት፣ ነጭ ሲሆን መካከለኛ፣ ሰማያዊ ሲሆን ለስላሳ። ምራቷ ኮሌታውን እየዳበሰች «ይሄን እማዬ፣ አንገትዎን ይይዝልዎታል» አለች።

እትዬ ዲግሪ ጥቁሩን ገለበጠችው። «የዚህ መብራቱ የት ነው?»

«ኪስ ውስጥ ነው እናቴ፣ ሰው እንዳያይብዎት» አለ ሻጩ።

«እኔስ በምን አያለሁ?»

«ማየቱ ምን ያደርግልዎታል? ሲሞቅዎት ያውቁታል።»

«ባላውቅስ?»

ሻጩ ሳቀ። እኛም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ደግሞ ሌላ ጀመረች፤ በራሱ ይጠፋል ወይ፣ ባትሪው ሲያልቅ ምን ያሳያል፣ ሰው ያቃጥላል ወይ። ልጁ በትዕግሥት መለሰ። «በቀይ አድርገው ረጅም ሰዓት ከተዉት ሊለበልብ ይችላል። ግን ሰው ሲለበለብ ዝም ይላል እንዴ እናቴ?» እሷ አሁንም ጥቁሩን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ወይን ጠጁን አነሳች፣ አስቀመጠች። ሌላ ደንበኛ ገባ፣ ገዝቶ ወጣ። ሌላ ገባ፣ ገዝቶ ወጣ። ቆሽቴ አረረ።

በመጨረሻ ወይን ጠጁን አለበሳት። ማብሪያውን ሲጫነው ዙሪያው ቀይ በራ። አጎንብሳ መብራቱን አየችው።

«እሰይ! ሞቀኝ» አለች።

«ገና ነው እናቴ» አለ ልጁ፣ «ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል።»

«አይ... ሲመጣ ተሰምቶኝ ነው።»

ምራቷ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ደረትሽ ላይ መብራት ሰቅለሽ እንደ ሠርግ አዳራሽ ልታበሪ ነው?» አልኳት። «መብራት ያለው ይሁንልኝ» ብቻ አለችው ሻጩን። የለካችው ናሙናውን ስለነበር አዲስ ከነላስቲኩ አወጣልን። ውስጡ የአጠቃቀም ወረቀት ነበረበት። ለማንበብ የተሻልኩት እኔ ነኝ ተብሎ ለእኔ ተሰጠ፤ እኔም ቢሮ እንደገባሁ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሰደርያ መልበስ ደግሞ ምን ትምህርት አለው!

አምስት ሳምንት በሰላም አለፈ። ባትሪው የሚሞላው እኔ ቢሮ ነው። ጠዋት ትመጣለች፣ ባትሪዋን ከቻርጀሩ ነቅላ ኪሷ ታስገባለች፣ ማብሪያውን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ሰማያዊ ላይ ታቆመዋለች። ሁልጊዜ ሰማያዊ። «ቀይ አድርጊው እንጂ፣ ምን ትቆጥቢያለሽ?» ስላት «ሰማያዊው ይበቃኛል» ትላለች። ምራቷ በገባች ቁጥር «እማዬ፣ ሞቀዎት?» ብላ ትጠይቃለች። «እንደ እናት ጉያ!» ትላታለች። አለቃችን ዓርብ ዓርብ በመስታወቱ በኩል አንገቱን ያስገባና «ልብሱ እየሠራ ነው?» ይላል። «እየሠራ ነው» እላለሁ። ሳሉ ብቻ አልለቀቃትም። እንደውም የባሰባት ይመስለኝ ነበር፤ ሳል ደግሞ ለመሄድ ጊዜ ይወስዳል ብዬ ተውኩት።

በስድስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ለሐኪም ቀጠሮዋ ልትሄድ ፈቃድ ወጣች። እሷ በሌለችበት ቀን የሚዞረው መካኒኩ ነው፣ በእጅ መለኪያ። መለኪያው እስኪረጋ በየጥጉ አምስት አምስት ደቂቃ መገተር ነው፤ እሷ በአንድ ሰዓት የምትጨርሰው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰደርያው ቢሮዬ ተሰቅሏል። ልሙቀው አልኩ። ለበስኩት፣ ቀይ አደረግኩት፣ መዝገቤን ይዤ ክፍል አንድ ገባሁ።

ሦስት ደቂቃ ቆየሁ። አምስት። አሥር። ቀዩ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል፤ ጀርባዬ ግን የበረዶ ድንጋይ ያዘለ ነው። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩት። ምንም የለም። መካኒኩን «ና እስቲ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኗል?» አልኩት። ገበሩን ገልብጦ ውስጥ ውስጡን ፈተሸ። ከማብሪያው የመጣው ሽቦና ወደ ጀርባው የሚሄደው ሽቦ አልተገናኙም። ሁለቱም ጫፋቸው ላይ መሰኪያ አላቸው፣ ሁለቱም ከፋብሪካ በወጡበት ስስ የላስቲክ ማሰሪያ ተጠቅልለው እንደተኙ ናቸው።

«ይሄ ከተገዛ ጀምሮ አልተሰካም» አለ መካኒኩ።

ቢሮ ተመልሼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ወረቀቱ እዚያው አለ። የመጀመሪያው መስመር «ከመልበስዎ በፊት መሰኪያዎቹን ያገናኙ» ይላል። አፌን ያዝኩ። አምስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ሳንባዋን የታመመች ሴት በእኔ ጥድፊያ ባዶ ጨርቅ ለብሳ ዞራለች። መካኒኩን ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። መቼም የኃፍረት ነገር።

ቆይቶ ደግሞ ሌላው መጣልኝ። እሺ፣ አልተሰካም። ታዲያ «እንደ እናት ጉያ» ስትል የነበረው ምኑን ነው? ነገሩ ገባኝ አልኩ፤ ይሉኝታ ነው። ምራቷ መርጣ፣ ደክማ፣ ደስ ብሏት፤ እንዴት ብላ አልሞቀኝም ትላታለች? የእኛ ሰው በይሉኝታ ስንት ነገር ይሸከማል። ሰደርያውን ሰካሁት፣ ባትሪውን ሞላሁት፣ በማግስቱ እስክትመጣ ጠበቅኩ። ላስደስታት ነበር ያሰብኩት። ሲሞቃት ፊቷን ላየው።

መጣች። ሐኪሙ በሳሉ አልተደሰተም፤ አራት ሳምንት ሰጥቷታል፣ ካልተሻላት ከቅዝቃዜው ትወጣለች። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «በይ ዛሬ ቀይ እናድርገው» አልኳትና እኔው ጠቅ አደረግኩላት። ቀዩን አየችውና ቀድማኝ ወጣች።

ክፍል አንድን ዞርን፣ ክፍል ሁለት ገባን። ፊቷን ፊቷን አያለሁ። ግንባሯ ላይ ላብ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

«ሞቀሽ?» አልኳት።

«እንደወትሮው ነው።»

እንደወትሮው! ክው አልኩ። እጄን በአንገቷ በኩል ወደ ጀርባዋ ላክሁት። መዳፌን አቃጠለኝና መልሼ አወጣሁት።

«እትዬ፣ አይሰማሽም?»

«ምኑ?»

ማብሪያውን አጠፋሁት። «ይሄ ሰደርያ እስከ ትናንት ድረስ አንድ ቀን እንኳን ሞቆ አያውቅም። ሽቦው አልተሰካም ነበር። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ ወረቀቱን አላነበብኩም። ዛሬ ግን እሳት ሆኗል፣ አንቺ እንደወትሮው ነው ትያለሽ።»

ሳጥን ላይ ተደገፈች። እንደማታመልጥ ገብቷታል።

«ከጣቴ ነው የጀመረው» አለች። «ሁለት ዓመት አለፈው። ከጣቴ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ ጀርባዬ። ብርድ ሲሉ እሰማለሁ እንጂ እኔ አላውቀውም። ሙቁም ያው ነው። ሳህን ሳጥብ ውሃው መፍላቱን የማውቀው በእንፋሎቱ ነው።»

«ሐኪሙስ?»

«ስለ ሳንባዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ሳንባዬ ነገርኩት።»

«ታዲያ ዲግሪውን በምን ታውቂዋለሽ?» ጮህኩባት። «ሁለት ዓመት ሙሉ እየፈጠርሽ ነው የምታስጽፊኝ? እኔ እኮ እፈርማለሁ! እኔ እኮ...»

እሷ አፌን ታየኛለች። ዓይኔን አይደለም፣ አፌን። ስናደድ ትንፋሼ ይበዛል፤ ከአፌ የሚወጣው ጭጋግ በመሀላችን ይንሳፈፋል። እሱን በዓይኗ ተከተለችው፣ እስኪጠፋ ድረስ።

«አንድ ተኩል» አለች።

የመካኒኩ የእጅ መለኪያ ከትናንት ጀምሮ ኪሴ ነበር። አወጣሁና ሳጥኑ ላይ አኖርኩት። እስኪረጋ ሁለታችንም ቁጥሩ ላይ አፈጠጥን። አንድ ነጥብ ስድስት አለ።

«ጭጋጉ ደረትሽ ድረስ ከሄደ አንድ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አፍንጫሽ ሥር ከጠፋ ወደ ሦስት ተጠግቷል። ሰው ሲያወራ ይቆራረጣል፣ አይታመንም። ሲስቅ ነው ሙሉው የሚወጣው።»

ያኔ ነው የገባኝ። «ቀልዱ...» አልኩ።

«አንቺ ቶሎ ትስቂያለሽ» አለችኝ። «እሱ ነው ጥሩነትሽ።»

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ለፖሙ አይደለም የተናደድኩት። ፖሙ ደህና ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሳጥን አልተበላሸም። እኔ የመሰለኝ ወዳኝ ነው። ከመጋዘኑ ሰው ሁሉ መርጣ ለእኔ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሁለት ዓመት ሙሉ መለኪያዋ እኔ ነበርኩ። ወደ ኋላ ሄጄ ባስብ፣ ይህች ሴት ከቀዝቃዛው ክፍል ውጭ አንድ ቀን ቀልዳ አታውቅም። ምሳ ሰዓት ውጭ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ዝም ብላ ትበላለች። ምራቷ ቤትም እሑድ ዝም ነው።

«ለምን መለኪያ አትይዢም ነበር?» አልኳት።

«መለኪያ ለመያዝማ እኔን ምን አስፈለገ?»

እኔም የራሴን ተናገርኩ። ስለ ገላዋ ለሐኪሙ ትናገራለች፣ አጠገቧ ቆሜ አስነግራታለሁ። እስከዚያ ሰደርያው ሰማያዊ ላይ ይሆናል፤ በየክፍሉ እጄን ከጀርባዋ አስገብቼ እዳስሳለሁ። እምቢ ካለች ዛሬውኑ ለአለቃችን እነግራለሁ። ራሷን ነቀነቀች። አንጀቴን በላችው፤ ግን ፊቴን አላሳየኋትም።

ዓርብ አለቃችን መጣ፣ ምራቷም አብራው። የሐኪሙ ወሬ ደርሷቸዋል። አለቃችን «ልብሱ ይሠራል ብለሽኝ ነበር» አለኝ። ምራቷ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እማዬ ወደ እኔ ይምጡ። ቁጭ ብለው እየሳቁ እንሠራለን። እኔ ከገባሁ ወዲህ እኮ ነው ሳቅ ያወቁት፤ እዚያም ያስቁናል።»

እትዬ ዲግሪ እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ብናገር ወደ ለቀማ ትሄዳለች፤ ያቺ ምራት ደግሞ ሳቁ የእሷ እንዳልነበር ትሰማለች። አንድ አፍ ብቻ ነው ያለኝ፣ ሁለት ሰው ልገድልበት ነው።

«አልሠራም ነበር» አልኩ። «ሽቦው አልተሰካም። ወረቀቱን ሳላነብ መሳቢያ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አሁን ሰክቼዋለሁ፣ በእጄም ዳስሻለሁ፣ ይሞቃል። ይኸው መካኒኩን ጠይቁት።»

አለቃችን ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ምራቷ ቀደመችው። «ታዲያ እማዬ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ‹ሞቀኝ› ይሉኝ የነበረውስ?»

እኔ ወለል ወለሉን አየሁ። እትዬ ዲግሪ ግን አልዘገየችም። «አንቺ የመረጥሽልኝን እንዴት ብዬ አልሞቀኝም ልበል?» አለቻት።

ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። አለቃችን አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን አየና «አራቱ ሳምንት ይታይ» ብሎ ወጣ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ይገባኛል።

ሳሉ በሦስተኛው ሳምንት ተዋት። ስለ ገላዋ ለሐኪሙ ነገረች፤ አስነገርኳት ማለት ይሻላል። ነርቩ ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን እንጠብቃለን ብሎ መድኃኒት ሰጣት፤ መዞሩን አልከለከላትም፣ ልብሷን በቀን በቀን የሚዳስስላት ሰው እስካለ ድረስ። አሁን ስንገባ እጄን ከጀርባዋ እሰድና «ደህና ነው» እላለሁ። ቀጥዬ አፌን ከፍቼ ረጅም ትንፋሽ አወጣላታለሁ፣ ደረቴ ድረስ። «አንድ» ትላለች፣ እጽፋለሁ። ቀልድ የለም። ለምን ይኖራል? ተንፍሺ ካለችኝ እተነፍሳለሁ፣ ነገሩ አለቀ። ሰባቱንም ክፍል በዝምታ እንጨርሳለን፤ እንደ ድሮው፣ ሥራው ይፈጥናል።

በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ውጭ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠናል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰደርያዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አድርጋዋለች። ምሳችንን በልተን ጨርሰናል፣ ወሬ የለንም። እኔ ልነሳ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ስሚማ» አለችኝ። «አንድ ቀጣፊ ነበር አሉ...»

«እትዬ» አልኳት፣ «እዚህ እኮ ትንፋሽ አይታይም።»

«አውቃለሁ» አለችና ቀጠለች።